የወይዘሮ ስፕራግ ጠበቃ

«የሚሳቀው እኮ እዚሁ ላይ ነው!» አለ ክሊፎርድ ከመስታወቱ ወዲያ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ወደ አንገቱ አውርዶ። «እዚህ ላይ ካልተሳቀ የት ላይ ሊሳቅ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ? አርባ ዓመት ስትስቅበት የኖርከው አንተ፤ አንተው ንገረኛ።»

«ሴትዮዋ ሰባት ቁራጭ ሥጋ በትሪ ይዛ ጠረጴዛውን ትዞራለች። የትኛው የማን እንደሆነ ጠፍቷታል። እና አንዱን ቁራጭ በሹካ አንሥታ፣ ይሄን ሥጋ የሚመስለው ማን ነው ብላ የእንግዶቹን ፊት አንድ በአንድ...» መጨረስ አቃተው። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ መነጽሩን አወለቀ።

ሙሪየል እጆቿን መጽሐፉ ላይ አጣጥፋ እስኪወጣለት ጠበቀችው። ከጠዋት ጀምሮ ይሄ ሦስተኛው ነው። መስታወቱ ከተዘጋ ጫማ ቤት የተገዛ የመስኮት መስታወት ስለነበረ ሳቅ አያግድም። እሱ በሳቀ ቁጥር ካሴቱ ይበላሻል፤ ካሴቱ ወደ ኋላ ይጠነጠናል፤ እሷም ያንኑ ገጽ እንደ አዲስ ታነባለች።

ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንዱ ያነባል፤ ሌላው ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጦ ያንኑ መጽሐፍ በማስመሪያ መስመር በመስመር እየተከተለ ስሕተት ሲሰማ ያስቆማል። በእንግሊዝ የባሕር ጠረፍ ከተማ በሞርካም፣ ከቤተ መጻሕፍቱ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ለዓይነ ስውራን መጽሐፍ በካሴት የሚቀዳ ትንሽ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ነበር። ሙሪየል ትሬልፎልና ክሊፎርድ ሄስኬዝ እዚያ ስድስት ዓመት አብረው ሠርተዋል። እሱ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። እሷ ሠላሳ አንድ ዓመት በባቡር ጣቢያ ድምፅ ማጉያ የተናገረች ሴት ናት፤ ባቡሩ ዘግይቷል ስትልም፣ ሐዲዱ ላይ ላም ተኝታለች ስትልም ድምፅዋ ዝንፍ ብሎ አያውቅም። የአንድ ጳጳስ የሕይወት ታሪክ፣ ስለ ንብ ርባታ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍና ከሃያ የማያንሱ የነፍስ ግድያ ልብ ወለዶች አብረው ቀድተዋል። በሃያ ግድያ ያልተጣሉ ሰዎች በአንድ የቀልድ መጽሐፍ ተጣሉ።

መጽሐፉ «ቢዘንብም ውጡ» ይባላል። አንድ ሳምንት ሙሉ ዝናብ ስለዘነበበት የባሕር ዳር ፔንሲዮንና ስለ ባለቤቷ ስለ ወይዘሮ ስፕራግ ነው። ሽፋኑ ላይ «ሳይስቅ የጨረሰው ሰው የለም» ተብሎ ተጽፏል። ሙሪየል ሦስት ጊዜ ሳትስቅ ጨርሳዋለች። የመጀመሪያውን በሃያ ዓመቷ፣ ሁለተኛውን ምናልባት ያኔ ልጅ ስለነበርኩ ይሆናል ብላ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ዘንድሮ፣ አድማጮቹ ይነበብልን ብለው ድምፅ ሲሰጡበት። ቀልዱን መብራት ጠፍቶበት ክብሪት እንደሚፈልግ ሰው በየገጹ ዳብሳ አጣችው።

«እሺ፣ ልጠይቅህ» አለች። «ሥጋው ለምን ጠፋባት?»

«በየቁራጩ ላይ ያሰረችው ባለቀለም የሱፍ ክር ምድጃ ውስጥ ተቃጥሎ።»

«የሱፍ ክር።»

«አዎ፣ የሱፍ ክር። ምነው?»

«በየትኛው ቤት ነው ሥጋ በሱፍ ክር የሚታሰረው? ክር ይቃጠላል! ባይቃጠል እንኳ ቀለሙ መረቁን ያበላሻል። የብረት ስንጥር ነው የሚሰካበት፤ የስንጥሩ ጫፍ ላይ የልብስ ቁልፍ ይታሰራል። ለአንዱ ቤተሰብ የናስ፣ ለአንዱ የዐጥንት፣ ለአንዱ ባለሁለት ቀዳዳ። የስድስት ዓመት ልጅ ታውቀዋለች።»

«ሙሪዬ፣ ልብ ወለድ ነው እኮ!»

«ልብ ወለድ ከሆነ ሴትን ጅል ማድረግ ይፈቀዳል?»

«ጅል አላላትም። ትንሿን ነገር እንደ ጦርነት መያዟ ነው የሚያስቀው። አንድ ቁራጭ ሥጋ! ያንን የምታህል ሴትዮ፣ ስለ አንድ ቁራጭ ሥጋ ደረቷን ነፍታ 'በዚህ ቤት የሰው ምሳ ለሰው ተሰጥቶ አያውቅም' ስትል...»

«ለማን ነው ትንሽ?»

«እ?»

«ለማን ነው ትንሽ የሆነው? ሰውየው ዓመቱን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ቆሞ፣ ለዚያች ሳምንት ብሎ ከልኳንዳ ራሱ መርጦ ያመጣት ሥጋ ናት። የሌላ ሰው ሥጋ ቢቀርብለት ይስቃል?»

ክሊፎርድ አገጩን አከከ። «እኔና አባቴ ብንሆን እንስቅ ነበር።»

«ትስቃላችሁ፤ እናንተ እንግዳ ነበራችሁ። ተቀምጣችሁ ነበር የምትጠብቁት» አለች ሙሪየል፤ ከዚያም በስድስት ዓመት ውስጥ ያልነገረችውን ነገር ሳታስበው አወጣችው። «እናቴ እዚሁ ዌስት ኤንድ ሰፈር ዘጠኝ ክፍል ያለው ፔንሲዮን ነበራት። ስንጥሩ ላይ ቁልፍ የማስረው እኔ ነበርኩ። ያንን 'የሰው ምሳ ለሰው' የምትለዋን ቃል እናቴ አንድ ሺህ ጊዜ ብላታለች፤ አንድም ቀን የሳቀባት የለም።»

«ፊቷ ላይ ነዋ ያልሳቁት» አለ ክሊፎርድ።

ወዲያው ጸጸተው፤ ግን ቃሉ ከአፉ ወጥቷል። ሙሪየል መጽሐፉን ዘግታ ሻይ ልታፈላ ወጣች። ለእሱ አላፈላችለትም።

የእናቷ ቤት እንደዚያ ዘመን ቤቶች ሁሉ ነበር። የላንክሻየር የጥጥ ፋብሪካዎች በየተራ አንድ ሳምንት ሲዘጉ፣ የአንድ ከተማ ሰው ነቅሎ ወደ ባሕር ይፈሳል። አልጋው የባለቤቷ፣ ምግቡ የእንግዳው ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ እንቁላሉን፣ ሥጋውን፣ ድንቹን ገዝቶ ያስረክባታል፤ እሷ የሰባቱን ቤተሰብ ሰባት ምሳ በአንድ ምድጃ አብስላ ለየባለቤቱ ትመልሳለች። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ደግሞ እንግዳ ቤት ውስጥ አይቀመጥም፤ ቢዘንብም ይወጣል። መጽሐፉ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። እንግዶቹ የአውቶቡስ መጠለያ ሥር ተኮራምተው፣ ወይዘሮ ስፕራግ ከመስኮቷ ሰዓቷን እያየች የምትቆምበት ምዕራፍ አለ። አገር የሳቀበት እሱ ነው። ሙሪየል ግን እነዚያን ሰባት ሰዓታት ከውስጥ ሆና ነው የምታውቃቸው። ዐሥራ ስምንት አንሶላ፣ ሁለት ደረጃ፣ አንድ የከሰል ካውያ። ካውያው ሲያልቅ እናቷ ያጣጠፈችው የልብስ ክምር ላይ ራሷን ጣል አድርጋ ሃያ ደቂቃ ታንቀላፋለች። ያቺን ሃያ ደቂቃ ደራሲው አልጻፋትም። እሱም እንግዳ ነበር።

የማኅበሩ ኃላፊ ኖሪን ገርስት የሁለቱን መኳረፍ የሰማችው በማግስቱ ነው። ኖሪን ገና ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሁልጊዜ ብዕር ጠጉሯ ውስጥ ሰክታ እየረሳች ብዕር የምትፈልግ ሴት ናት።

«ሙሪየል፣ ከከበደዎት ግዴለም» አለቻት። «መጽሐፉን ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን።»

«ለማን?»

«ክሊፎርድ...»

«ክሊፎርድ ሁለት መስመር አይዘልቅም። ሲስቅ ነው የሚመሸው።»

«እንግዲያው ከቲያትር ክበቡ ባሲል አለ። ድምፅ መቀያየር ይችልበታል። ባለፈው ገና በድራማው ላይ የቀበጠች አሮጊት ሆኖ ሲሠራ አላዩትም?»

ሙሪየል አይታዋለች። ባሲል ትራስ ደረቱ ውስጥ ከቶ፣ አፍንጫውን ይዞ እያፏጨ ነበር የተናገረው። ያ ድምፅ እናቷ አፍ ውስጥ ሲገባ ታሰባት።

«አነበዋለሁ» አለች። «እኔ ነኝ የማነበው። ግን እንደ እኔ ነው የማነበው፤ ማንም እንዲህ አድርጊ እንዲያ አድርጊ እንዳይለኝ። ለክሊፎርድም ንገሪው።»

«ደስ እንዳለዎት ያንብቡት» አለች ኖሪን፤ ብዕሯንም ፍለጋ ጀመረች።

የሙሪየል ሐሳብ ቀላል ነበር። መጽሐፉ በሰው እጅ እያለ ያሻው ይሳቅበት፤ በእሷ አፍ ግን በሴትዮዋ ማንም አይስቅም። ቃል አትጨምርም፣ አትቀንስም፤ ብትጨምር ወይም ብትቀንስ ሐቀኝነት አይሆንም። ግን ቃል ሁሉ አነባበብ አለው። ወይዘሮ ስፕራግ የምትለውን ሁሉ፣ ሴትዮዋ ራሷ ልትለው እንደፈለገችው ትላታለች፦ በክብር፣ በእርጋታ፣ ከልብ። ያኔ አድማጩ ሴትዮዋን ይሰማል፤ ሲሰማትም ያፍራል።

ሦስት ሳምንት ሠራችበት። ማታ ማታ እቤቷ እየተለማመደች፣ ጠዋት ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ አነበበች። እንግዳው ሚስተር ፖብጆይ እንቁላሉ ላይ ስሙን በእርሳስ ጽፎ ያስረክባል፤ ተቀቅሎ የመጣለት እንቁላል ግን «ሃርግሪቭስ» የሚል ነው፤ ሰውየውም «የማላውቀውን ሰው እንቁላል አልበላም» ብሎ ይነሣል። ሙሪየል ይህንን የደረሰበትን በደል እንደሚያስመዘግብ ሰው አነበበችው። ሥጋውን የሚመስል ፊት ፍለጋው ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ሴትዮዋ ጨንቋት ነው፣ እውነቱን ለማግኘት የቀራት መንገድ እሱ ብቻ ነው። የአውቶቡስ መጠለያው ምዕራፍ ላይ ደግሞ ያቺን ያልተጻፈች ሃያ ደቂቃ በየነጠላ ሰረዙ ልታስገባት ሞከረች።

ክሊፎርድ አልሳቀም። በመጀመሪያው ቀን መሐረቡን አፉ ላይ ይዞ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። በሁለተኛው ቀን ዓይኑን ሲጠርግ አየችው። በሦስተኛው ሳምንት፣ መጠለያው ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ጀርባው ብቻ ይታያት ነበር። የመቅጃው ቀይ መብራት ሲጠፋ ድምፁ ሻክሮ፣ «ሙሪዬ፣ እንዲህ ሲነበብ ሰምቼ አላውቅም» አላት።

ሙሪየል ለመጀመሪያ ጊዜ አዘነችለት። ሰውየው ደንቆሮ ነው እንጂ ክፉ አይደለም፣ አለች በልቧ። ያን ቀን ሻይ አፈላችለት፤ ስኳሩንም ራሷ ጨመረችለት።

አዲስ መጽሐፍ ተቀድቶ ሲያልቅ አድማጮቹን ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ጠርቶ የመጀመሪያውን ካሴት ማሰማት የማኅበሩ ልማድ ነው። በኅዳር አንድ ከሰዓት ሠላሳ ያህል ሰው መጣ፤ ገሚሱ በበትር፣ ገሚሱ በሰው ክንድ፣ ሁለቱ በመሪ ውሻ። ሻይና ብስኩት ታደለ። ከፊት ወንበር ዊልፍ ኤይሪ ተቀመጡ፤ የሰማንያ አንድ ዓመት ሽማግሌ፣ ድሮ የወተት ጋሪ ነጂ፣ ለዚህ መጽሐፍ ከሁሉ በፊት ድምፅ የሰጡ። ሙሪየል ሆን ብላ ከጎናቸው ተቀመጠች። ጸጥታው ሲሰፍን ከቅርብ ልትሰማው ፈልጋለች።

«አንባቢዋ አንቺ ነሽ አሉ?» አሏት ዊልፍ ወደ ድምፅዋ ዞረው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እስቲ እንሰማሻለና፣ ልጄ። ከተበላሸ እነግርሻለሁ፤ እኔ ይሉኝታ የለኝም።»

ኖሪን ካሴቱን አስነሣች። የሙሪየል ድምፅ አዳራሹን ሞላው፤ ረጋ ያለ፣ ጥርት ያለ። ወይዘሮ ስፕራግ የቤቱን ደንብ ለአዲስ እንግዶች ስታነብ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሰማ። ሙሪየል ወንበሯ ላይ ቀና አለች። አሁን ገብቷቸዋል።

በአራተኛው ደንብ ላይ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት እንደ ማስነጠስ ያለ ድምፅ አወጣች። በአምስተኛው ደንብ ሌላ ሰው ደገመ። በስድስተኛው ደንብ የሻይ ሲኒ ተንኳኳ፣ አንድ ሰው «ወይ አምላኬ!» አለ። ወይዘሮ ስፕራግ በተከፋ፣ በተከበረ፣ ከልብ በሆነ ድምፅ «በዚህ ቤት የሰው ምሳ ለሰው ተሰጥቶ አያውቅም» ስትል አዳራሹ ፈነዳ።

እንዲህ ያለ ሳቅ ሙሪየል ሰምታ አታውቅም። ሰዎቹ ወንበራቸውን ይዘው፣ ጎናቸውን ይዘው፣ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ሳቁ። ካሴቱ ግን ሰው አይደለም፤ አይጠብቅም፣ አያፍርም። ድምፅዋ ያንኑ ክብሩን ጠብቆ ቀጠለ፤ በቀጠለም ቁጥር ባሰባቸው። ከበሩ አጠገብ ክሊፎርድ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ የሦስት ሳምንት ሳቁን በአንድ ጊዜ ይለቀው ነበር። ያኔ ነው መሐረቡ ለምን እንደነበር የገባት።

ተነሥታ ኖሪን ጋ ሄደች። «አጥፊው።»

«እንዴ!» ኖሪን ጉንጯ በእንባ ርሷል። «ምን ብዬ ነው የማጠፋው? ሙሪየል፣ እርስዎ እኮ ጉድ ነዎት! ስድስት ዓመት ሙሉ ይሄን ደብቀውን?»

«ምንም አልደበቅኩም! እንዲያስቅ አይደለም ያነበብኩት!»

«እሱ ነዋ!» አለች ኖሪን፣ ክንዷን ጨብጣ። «ልክ እንደዚህ! ይሄው አሁን እንዳሉት!» አልቻለችም፤ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ሙሪየል ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ዊልፍ ዓይናቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ ነበር። ጎንበስ ብላ በጆሯቸው ተናገረቻቸው፤ ደሟ ፈልቶ ይሉኝታው ሁሉ ጠፍቷታል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምኑ ነው የሚያስቀዎት? ሴትዮዋ ምን አደረገች? ሰው እንዳይበደል ነው የለፋችው!»

«አዎን» አሉ ዊልፍ። «እሱ ነው።»

«ምኑ?»

«የምሯን ነው እኮ! እያንዳንዷን ቃል የምሯን ነው የምትናገረው። ድሮ ባለቤቴ ታነብልኝ ነበር፤ ነፍሷን ይማርና እሷ እያሾፈች ነበር የምታነበው። ያም ያስቃል። አንቺ ግን ሴትዮዋን ራሷን አመጣሻት።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እናቴ ናት፣ ልጄ። እናቴ ክላረንስ መንገድ ላይ ዐሥራ ሁለት አልጋ ነበራት። ከቀበርናት ሃምሳ ዓመት ሊሆነን ነው፤ ዛሬ ገና ድምፅዋን ሰማሁት።»

ሙሪየል ወደ እሳቸው ዞረች። «የእናትዎ... እናትዎ ናቸው እያሉ ነው የሚስቁባቸው?»

«ታዲያ በማን እናት ልሳቅ?» አሉ ዊልፍ፣ በቅን ልብ። «እሷ ብትሰማን ኖሮ ሁላችንንም ዝናብ ላይ ታወጣን ነበር።» ይህን ሲሉ ራሳቸውን እንደገና አሳቃቸው፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ወደ ካሴቱ ዞሩ። «ዝም በይ እስቲ፣ ዝም በይ፣ እንቁላሉ ጋ ልትደርስ ነው።»

ልትመልስላቸው ፈለገች። ስለ ስንጥሩ፣ ስለ አንሶላው፣ ስለ ሃያዋ ደቂቃ መናገር ፈለገች። ግን እኚህ ሰውዬ ይሄን ሁሉ ያውቁታል፤ ሳይነግሯቸው የሚያውቁ፣ እያወቁም የሚስቁ ናቸው። ለክሊፎርድ የያዘችው መልስ ሁሉ ለእሳቸው አይሆንም። አንድ ጊዜ፣ ለአንድ አፍታ፣ የሚሉትን ልትሰማው ሞከረች፤ ጆሮዋን ወደ ገዛ ድምፅዋ አዘነበለች። የሰማችው እናቷን ነው። እናቷ ደክሟት ነበር፤ አያስቅም።

ሚስተር ፖብጆይ እንቁላሉን አገላብጦ አየ። አዳራሹ ከወዲሁ ማጉረምረም፣ መተንፈስ፣ መታነቅ ጀመረ። ከኋላ አንዲት ሴት «ተዉኝ፣ ሆዴን!» ትላለች። ክሊፎርድ ወደ ፊት መጥቶ ባዶው ወንበር ላይ፣ ዊልፍ አጠገብ ተቀመጠና ሽማግሌው በደስታ ጉልበቱን መታ መታ አደረጉት።

ወንበሩ ባዶ የነበረው ሙሪየል ከግድግዳው ላይ ካፖርቷን ልታወርድ ስለሄደች ነው። ካፖርቷን ለበሰች፣ ሻርፗን ጠመጠመች፣ የደጁን በር በቀስታ ገፋችው። ከኋላዋ የካሴቱ የመጀመሪያ ገጽ አለቀና ኖሪን ገለበጠችው፤ ሰው ሁሉ ሲኒውን አስቀምጦ እስኪጀምር በጸጥታ ጠበቀ። ከዚያ ድምፅዋ ተነሣ፤ ረጋ ያለ፣ ጥርት ያለ።